የዋሻው ደጅና ዙሪያው

ዋሻ ሚካኤልን መጀመሪያ ያየሁት በኔጋቲቭ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሾላ ገበያ አካባቢ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት ከትምህርት ቤት መልስ እላላክ ነበር። የታጠበ ፊልም በገመድ ላይ አንጠለጥላለሁ፤ ሲደርቅ ስድስት ስድስት እያደረግሁ ቆርጬ በወረቀት ፖስታ እከታለሁ። አንድ ቀን ከሰርጉና ከክርስትናው መካከል ለየት ያለ ጥቅል እጄ ገባ። ወደ አምፖሉ አስጠግቼ ሳየው ሰማዩ ጥቁር ነው፤ መካከሉ ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን የሆነ ብሩህ ነገር አለ።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው የፎቶ ቤቱን ባለቤት።

«በር ነዋ። የየካው ዋሻ፤ እዚሁ በላያችን ያለው።»

እዚያው ሰፈር ተወልጄ አድጌ፣ ከኮረብታው ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ በጆሮዬ ብቻ ነበር የማውቀው። የዋሻ ጨለማ በኔጋቲቭ ላይ ብርሃን ሆኖ እንደሚወጣም ያን ዕለት አየሁ።

ጋሼ እንጀራቸው ጉርድ ፎቶ ነበር። መታወቂያ የሚያወጣው፣ የትምህርት ቤት ፎርም የሚሞላው፣ ውጭ አገር የሚሄደው ሁሉ ያችን ከሰማያዊ መጋረጃ ፊት ያለች በርጩማ ያውቃታል። አንዳንድ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ዜኒታቸውን ከነቆዳ ማኅደሩ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ዜኒት በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት እየመጣ በብዙ ሰው እጅ የገባ ካሜራ ነው። ከባድ ነው፤ የብርሃን መለኪያው ባትሪ አይጠይቅም፤ ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም። ኦርዎ የሚባለው የምሥራቅ ጀርመን ጥቁርና ነጭ ፊልም የተወሰነ ቀርቷቸው ነበር። ያኔ የቀለም ፊልም ከተማውን ሞልቶት ስለነበር ጥቁርና ነጭ የሚጠይቅ ደንበኛ ጠፍቷል። የተረፈውን ፊልም በሙሉ ለኮረብታው አዋሉት። ብዙም ሳይቆይ እኔንም ይዘውኝ መውጣት ጀመሩ፤ የካሜራ መቆሚያው የኔ ሸክም ሆነ።

ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለው አቀበት በባሕር ዛፍ መካከል ያልፋል። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ እዚህ የተተከለው በምኒልክ ዘመን ነው። አዲሲቱ ከተማ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨቷን ጨርሳ ሳለ ፈጥኖ የሚያድገው ዛፍ ደረሰላት። ከተማዋ ከቦታዋ ሳትነቀል የቀረችው በዚህ ዛፍ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር እምብዛም አይበቅልም፤ መሬቱ ቅጠልና ቅርፊት ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሁልጊዜ የምናገኛቸው ሸክም ይዘው የሚወርዱ እናቶች ነበሩ። ጭራሮውና የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ከወገባቸው አልፎ ከግራና ከቀኝ መንገዱን ይሞላዋል። ጋሼ ከመንገዱ ወጥተው ያሳልፏቸዋል። «እንዴት አደራችሁ፣ በርቱ» ይሏቸዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ ከሸክሙ ሥር። ካሜራው አንገታቸው ላይ እያለ አንድ ቀንም በእነርሱ ላይ አንስተውት አያውቁም። ሸክም ላይ ያለ ሰው «አይሆንም» ለማለት እጁ ነጻ አይደለም ይሉ ነበር።

ባሕር ዛፉ ሳሳ ብሎ አለቱ ብቅ ሲል ቦታው ይለወጣል። ዋሻ ሚካኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ዙሪያው ወደታች ተቆፍሮ፣ በሮችና መስኮቶች ተቀርጸውለት፣ ጣሪያው በከፊል ተንዶ የቀረ። በክረምት ውሃ ይተኛበታል። የደብሩ ትውፊት ሥራውን ለአብርሃና አጽብሐ ይሰጣል፤ ያ ማለት 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጥንት ሥነ ሕንፃ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። በሁለቱም ቆጠራ ቢሄዱ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ የነበረ ነው። ከተማዋ ከሥሩ ተወልዳ አደገች። ይህን አስቤ ወደታች ባየሁ ቁጥር ቤቱና ጎዳናው ሁሉ ትናንት የመጣ ይመስለኛል።

የዋሻ ደጅ ማንሳት የሚከብደው በብርሃን ምክንያት ነው። የሰው ዓይን ከደማቁ ሰማይ ወደ ጨለማው ሲመለስ ራሱን ቶሎ ያስተካክላል፤ ፊልም ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችላቸውም። ለሰማዩ ለክተው ካነሱ ደጁ ቀለም የተደፋበት መስሎ ይጠቁራል፤ ውስጡ ያለው ዓምድ፣ የመሮው ምልክት፣ ሁሉም ይጠፋል። ለጨለማው ለክተው ካነሱ ደግሞ ሰማዩና የዛፉ ጫፍ ነጥቶ ይቀራል። ጋሼ መለኪያውን ወደ ሰማይም ወደ ጉድጓዱም አያዞሩትም። ወደ መቃኑ ይጠጋሉ፤ ውጪው ብርሃንና ውስጡ ጨለማ የሚገናኙበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ይለካሉ። «መቃኑ በትክክል ከወጣ ሁለቱም ወገን ይታረቃሉ» ነበር ትምህርታቸው። ፍላሽ አይወዱም። ፍላሽ ድንጋዩን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ጠራቢው በመሮ የተወውን ጥልቀት ይበላዋል።

ሰዓትም ይመርጣሉ። በበጋ እኩለ ቀን ዋሻ አያነሱም። የሚወዱት ፀሐይ ከየረር በኩል ወጥታ ገና ጋራውን ሳታልፍ ያለውን ሰዓት፣ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ የሐምሌን ጉም ነው። የየካው ኮረብታ የሚያያዝበት እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ደመናው ከዛፉ መካከል ይገባል። ያን ጊዜ ሰማዩ ብርሃኑን ቀንሶ ከድንጋዩ ጋር ይቀራረባል፤ ጥላ ይለሰልሳል፤ እርጥብ አለት ይጠቁርና የተጠረበበት መስመር ሁሉ ይወጣል። ቀዝቃዛ ነው፤ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ሌንሱ በየደቂቃው ጭጋግ ይይዛል። ነጠላዬን ለሌንስ መጥረጊያ ሰጥቼ በዝናብ የቆምኩባቸው ማለዳዎች ከዕድሜዬ ደጋግ ማለዳዎች ናቸው።

የቀረውን ሥራ በጨለማ ክፍል ነበር የሚጨርሱት። በቀይ አምፖል ሥር፣ ወረቀቱ ላይ ብርሃን ሲወርድ መዳፋቸውን እያወዛወዙ የደጁን ጨለማ ይከልላሉ፣ ለሰማዩ ደግሞ ትንሽ ይጨምሩለታል። ከዚያ ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ መቃኑ፣ ቀጥሎ ዛፉ፣ በመጨረሻ ሰማዩ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ካሜራውን ከማንሳታቸው በፊት አንድ ልማድ ነበራቸው። ደጁ ፊት ይቆማሉ፣ ያማትባሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ከአለቱ ላይ የወጣው ዛፍ፣ የተረገጠው መሄጃ፣ ከበስተጀርባ ያለው ጋራ ማሳያው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላ ነው። ጠጋ ቢሉ ቅርጹ አምሮ እንደሚታይ ነገርኳቸው። «ደጁ የትም አይሄድም ልጄ» አሉኝ። «የሚሄደው ዙሪያው ነው።»

ዙሪያውን በስሙ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ባሕር ዛፉ ያልዋጠው ቦታ ላይ ጥድ አለ፣ ወይራ አለ፣ ከፍ ሲል ኮሶ አለ። ቀጋ በነጭ አበባው አለቱ ሥር ይቆማል፤ እሾሁ ካልያዘ አያልፉትም። አዞ ሐረግ በቁጥቋጦው ላይ ይጠመጠማል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ከአለቱ ስንጥቅ ሳይቀር ይወጣል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አደይ ግራጫ ነጠብጣብ ነው፤ እኔ ግን እነዚያን ፎቶዎች ሳይ እስካሁን ቢጫ ሆኖ ይታየኛል። ሽኮኮ አለቱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ኮቴ ሲሰማ ይሰወራል። አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት ርግብ ከአገራችንና ከኤርትራ በቀር በሌላ ዓለም የለም፤ ገደልና የድንጋይ ሕንፃ ይወዳል። ማጅራቱ ነጭ፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነው ቁራ ከሁሉ በላይ ይጮኻል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እቃችንን ሰብስበን እንወርዳለን፤ ጅቡ ኮረብታውን የሚረከብበት ሰዓት ነውና።

ካሜራ ከመፈጠሩ በፊት እንዲህ ያለ ቦታ ያየ ሰው ምን ያደርግ ነበር? ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላሊበላን አይቶ ሲጽፍ፣ የሚያምነው እንደማይኖር ስለ ፈራ ከዚህ በላይ መጻፍ እንደ ሰለቸው ገልጾ፣ የጻፈው እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ምስል በሌለበት መሐላ ብቻ ነበር ማስረጃው። የትግራይን ብናይ ደግሞ፣ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ከመቶ በላይ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አቀረቡ፤ ከዚያ ወዲህ ነው የውጭው ዓለም ተመራማሪና ፎቶ አንሺ ወደ ገርዓልታ መጉረፍ የጀመረው። ስዊዘርላንዳዊው ጌኦርግ ጌርስተር በዚያው ዘመን ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን አንስቶ ትልቅ መጽሐፍ አውጥቷል። የመጽሐፉን አንድ ቅጂ ጋሼ ከማን እንደ ተዋሱት እንጃ፣ ፎቶ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ለወራት ተቀምጦ ነበር። ገጹን በንጹሕ እጅ ብቻ ነበር የምንገልጠው። ከመኪና መንገድ በእግር የሚደረስበት የየካው ዋሻ ግን እንደዚያ ያለ ዕድል አላገኘም። ቅርብ ያለ ነገር ሁልጊዜ ነገ የሚደረስበት ይመስላል።

ኋላ የራሴን ካሜራ ስይዝ ሌሎቹን ዋሻዎች ፍለጋ ወጣሁ። እንጦጦና የካ የእሳተ ገሞራ አለት ናቸው፤ ዝናብና ወንዝ እንደ ልብ የሚያቀልጡት ድንጋይ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ዋሻ ብለን የምንጠራው አብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። ባሌ ያለው ሶፍ ዑመር ግን በኖራ ድንጋይ ውስጥ የወይብ ወንዝ ራሱ የሠራው ነው፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እዚያ ወንዙ ሲገባ ብርሃኑንም ይዞት ይገባል፤ ከውሃው የሚመለሰው ብርሃን ጣሪያውን ያበራዋል። ሼኽ ሶፍ ዑመር ለዱዓ ተጠልለውበታል የሚባለው ያ ደጅ የጋሼን ትምህርት ሁሉ በሌላ መንገድ አሳየኝ፦ መቃን የለውም፤ ወንዙ ነው መለኪያው።

ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስን ሳይ ግን ስለ ጋሼ ብቻ ነው ያሰብኩት። ቤተ ክርስቲያኑ በትልቅ የተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ተሠርቷል፤ እንጨትና ድንጋይ በተራ ተደርቦ፣ ነጩ መደብ ከጥቁሩ እንጨት ጋር እየተፈራረቀ። የዛግዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠራው ይነገራል። ዛሬ በዋሻው አፍ ላይ በቅርብ ዘመን የተሠራ ግድግዳ አለ፤ ቤተ መቅደሱን ይጠብቃል፣ ጥቅሙ አያጠያይቅም። ከግድግዳው በፊት የተነሡ ፎቶዎች ላይ ግን ዋሻው አፉን እንደ ከፈተ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከውጪው ጥድ ጋር ባንድ እይታ ይታያል። ያን እይታ ዛሬ ማንም ሊያነሳው አይችልም። ያለው በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ብቻ ነው።

ደጁ የሚያስለቅስ ዋሻም አለ። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ወገን ያለው የዘረት ዋሻ፣ አገሬው አመጸኛ ዋሻ የሚለው፣ ከገደል ሥር የተዘረጋ ነው። በ1931 ዓ.ም. በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች ከነቤተሰባቸው ተጠልለው ሳለ የፋሺስት ጦር በደጁ ከብቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ ብዙ ሰው አለቀ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ከወታደራዊ ሰነዶች ተነሥቶ ጉዳዩን ለዓለም ያወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ቦታ በፎቶ ሳየው ገደሉ ያምራል፤ ሣሩ ለምለም ነው። ፎቶው ላይ ገደሉና ወደ ደጁ የሚወስደው ጠባብ መሄጃ ባይኖሩ ኖሮ፣ ሰዎቹ ለምን እንዳላመለጡ ማን ይረዳ ነበር? ጠጋ ብሎ የተነሣ የዋሻ አፍ ማንኛውም ጉድጓድ ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ዙሪያው ነው።

ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። ፎቶ ቤቱ የነበረበት ሰፈርም ዛሬ ሌላ ነው። ከእሳቸው እጅ የወጡ ጥቂት ወረቀቶች እኔ ጋ አሉ። በአንዱ ላይ የዋሻው ደጅ ከታች በስተግራ ትንሽ ሆኖ ይታያል። የቀረው ገጽ በሙሉ ኮረብታ ነው፦ ጉም፣ አለት፣ ከአለቱ የወጣ ዘንበል ያለ ዛፍ፣ ከርቀት ሸክም ይዛ የምትወርድ የማትለይ ሰው። አንድም ቤት የለበትም። ባለፈው ክረምት ፎቶውን ይዤ ወጥቼ ጋሼ የቆሙበትን ቦታ ፈለግሁት። ደጁ ያው ነው። ዛፉ የለም። ቤቶቹ ወደ ላይ ወጥተዋል፤ መንገድ ተቆርጧል። በእንጦጦ በኩል በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ጋራው እየሳበ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ በባሕር ዛፉ ፋንታ አገር በቀል ዛፍ እየተተከለ ነው፤ ጋሼ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ለውጥ በመምጣቱ አላዝንም፤ ከተማ ይኖራል፣ ሰውም ቤት ይፈልጋል። የሚያሳዝነኝ፣ ከእነዚህ ጥቂት ወረቀቶች በቀር ምን እንደ ተለወጠ የሚናገር ምስል እጃችን ላይ አለመኖሩ ነው።

አሁን ሁላችንም ካሜራ በኪሳችን አለ። ጋሼን ዕድሜ ልክ ያስጨነቃቸውን የብርሃን ችግር ስልኩ ራሱ ይፈታዋል፤ ባንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንስቶ የሰማዩንና የጨለማውን ያዋህዳል። በዚህ ከልቤ እደሰታለሁ። ዋሻ ሚካኤል ላይ የሚነሡትን ፎቶዎች ስመለከት ግን አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ደጁ ላይ የቆመ ሰው፣ ፊቱ ጠርቶ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ በስልኩ ጥበብ ደብዝዞ። የደበዘዘው ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ልጆቻችን የሚፈልጉት ነው። ዛፉ ምን ነበር? ቤቱ እስከ የት ደርሶ ነበር? ውሃው በየት ይወርድ ነበር? ለዚህ ሁሉ መልሱ ከሰውየው ትከሻ በስተጀርባ ነበር።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። በየካ፣ በኮተቤ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በሾላ ያላችሁ ቤተሰቦች አልበማችሁን ክፈቱ። ጥር 12 ቀን ታቦት ሲመለስ፣ ከትምህርት ቤት ጉዞ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት መውጫ፣ ከዋሻው ደጅ ላይ የተነሣችሁት ፎቶ ካለ በጀርባው ዓመተ ምሕረቱንና በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም በእርሳስ ጻፉበት። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ለፊት ያልፋል። ቅጂውን ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ስጡ። አያት ወይም እናት በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ስሙን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ወደ ዋሻው የምትወጡ ደግሞ ራሳችሁን ካነሣችሁ በኋላ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሡልኝ። ማንም ሰው ሳይቆምበት፣ ወደ ኋላ ተራምዳችሁ፣ ኮረብታው ሙሉ እስኪገባ ድረስ።